የጸሎት ተረኛ

ኦርሊን ቲልማን ጥርሷን እያጠበች ሳለ እህቷ በስልክ ስትናገር ሰማች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ስስ ነው፤ ቬርኔታ ደግሞ ከአለቃዋ ጋር ስትነጋገር ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አትችልበትም። «እሺ ጌታዬ» ትላለች። «የልጁን ስም ካነሳች አጠፋባታለሁ። የሳጅኑን ካነሳችም እንደዚያው። ኧረ እርስዎ አፍዎን መክፈት አያስፈልግዎትም፤ ሁለት ጣት ብቻ ካነሱልኝ ይበቃኛል።» ቀጥላም ሳቀች። ኦርሊን ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። የመሥሪያ ቤት ሳቅ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሳቅም። አፏን ተጉመጠመጠችና ቧንቧውን ዘጋች፤ ከዚያ እንደሰማች እንዳይታወቅባት መልሳ ከፈተችው።

ቤቱን እናታቸው ናት የተወችላቸው። ሁለት መኝታ ክፍል፣ ጠባብ ወጥ ቤት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ኮሪደር አለው። ቬርኔታ በአራት ዓመት ትበልጣለች፤ የወረዳው ምክር ቤት ጸሐፊ ከሆነች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏታል። በስብሰባ ቀን ከአባላቱ መድረክ ሥር አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ጋ ለብቻዋ ትቀመጣለች። ጠረጴዛዋ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት ያለው ሳጥን፣ ከሳጥኑ አጠገብ ደግሞ ጥቁር ቁልፍ አለ። አስተያየት የሚሰጥ ነዋሪ ሦስት ደቂቃ ይፈቀድለታል። ቀዩ ሲበራ ወይም ሰብሳቢው ምልክት ሲሰጣት ቬርኔታ ቁልፉን ትጫናለች፤ የድምፅ ማጉያው ይሞታል። ባለፈው ወር ኦርሊን ቆማ ስትናገር በአርባኛው ሴኮንድ ሞቶባታል። በደንቡ መሠረት በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ማንሳትና የወረዳውን ሠራተኛ በስም መጥራት ክልክል ነው። የኦርሊን ጉዳይ ደግሞ ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ምንም ነገር የለውም።

ልጇ ጃርቪስ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የስኳር ሕመምተኛም ነበር። የመኪናው የኋላ መብራት አልበራ ብሎ ፖሊስ ሲያስቆመው አንድ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያሳለፈ መሆኑ ተገኘና የወረዳው እስር ቤት አስገቡት። በሦስተኛው ሌሊት ሞተ። አብሮት የታሰረው ሰው ከወጣ በኋላ ቤቷ ድረስ መጥቶ እንደነገራት፣ ጃርቪስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ጎሕ እስኪቀድ ድረስ በሩን ሲመታ፣ መድኃኒቴን ስጡኝ እያለ ተረኛውን ሳጅን ኮይ ሬድሞንን በስሙ ሲጠራ ነበር። ኦርሊን ወረዳውን ከሰሰች። ክሱ ገና ዳኛ ፊት አልቀረበም፤ ክስ መኖሩ ብቻ ግን አፏን ለማዘጋት በቅቷል። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጽሑፍ ይዛ ስትቆም ፈቃድ አምጪ አሏት። በሦስተኛው ሳምንት ፈቃዱ ሲመጣ የተሰጣት ቦታ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ በሽቦ የታጠረ፣ የቆሻሻ ገንዳዎች የተደረደሩበት ሆነ። ከስድስት ሴቶች ጋር ሁለት ቅዳሜ ቆመችበት። ያያቸው የቆሻሻ መኪናው ሾፌር ብቻ ነበር፤ እሱም መንገድ ልቀቁ ብሎ ጡሩምባ ነፋባቸው።

ቤት ውስጥም ቢሆን እንዲሁ ነው። ልጁ በተቀበረ በሳምንቱ የወረዳው ጠበቃ ቬርኔታን አስጠርቶ፣ አንድ ቀን ለምስክርነት ልትጠሪ ትችያለሽና ስለ ጉዳዩ ማዕድ ላይም ቢሆን እንዳታወሪ አላት። ቬርኔታ የታዘዘችውን የምትፈጽም ሴት ናት። ጃርቪስን መኪና መንዳት ያስተማረችው፣ ጫማውን የምትገዛለት እሷ ነበረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አሥራ አንድ ወር ሙሉ ስሙን በዚያ ቤት ውስጥ አልጠራችም። ኦርሊን ስትጠራው ደግሞ ሳህኗን አንስታ ትወጣለች።

ኦርሊን ወጥ ቤት ስትገባ ቬርኔታ የሥራ ቀሚሷን ለብሳ፣ የመታወቂያ ካርዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የበቆሎ ገንፎ ታማስል ነበር።

«እንቁላል ደርዘኑ ስድስት ዶላር ሊገባ ነው» አለች ሳትዞር። «ዶሮዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል መሰለኝ።»

«አየሁት።»

«ዛሬም የአስተያየት መስጫ ካርድ ሞልተሻል አሉ።»

«ሞልቻለሁ።»

«እንደ ባለፈው በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነዋ።»

«ያጠፋሽብኝ አንቺ ነሽ።»

«እኔ አላጠፋሁም። ሕጉ ነው ያጠፋው።»

«ታዲያ የሕጉ ጣት ላይ ያንቺን ቀለበት አየሁበት።»

ቬርኔታ ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረገችው። «አሥራ አራት ወር ቀርቶኛል ኦርሊን። ለጡረታዬ አሥራ አራት ወር። ከዚያ በኋላ ጣሪያ ላይ ወጥተሽ ጩኺ፤ መሰላሉን ራሴ እይዝልሻለሁ። እስከዚያ ግን ይቺን ጎጆ ያቆመቻት እንጀራዬ ናት። የትምህርት ቤት ሳህን እያጠብሽ ጣሪያ እንደማታስጠግኚ ታውቂያለሽ።» ገንፎውን ለአንድ ሰው ብቻ ቀዳች፤ ቆማ በላችና ሳህኗን አጥባ ወጣች። መኪናዋ ለመነሳት ሁለት ጊዜ አጉረመረመች።

ኦርሊን የጻፈችውን ወረቀት አውጥታ የምድጃውን ሰዓት ሦስት ደቂቃ ላይ ሞላች። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ስትለማመድ የከረመችው እንዲህ ነበር። ዛሬ ግን የመጀመሪያውን መስመር አንብባ አቆመች። ስሙን ካነሳች ይጠፋባታል። ስሙን ካላነሳች ደግሞ ምን ልትል ነው የምትሄደው? ሰዓቱ እስኪጮህ ድረስ ማቀዝቀዣው ፊት ቆመች። ጃርቪስ ከሥራ ሲመለስ በሩን ከፍቶ፣ ትከሻውን አስደግፎ፣ ከድስቱ ውስጥ ቆሞ የሚበላበት ማቀዝቀዣ ነው። በሩ ላይ ቬርኔታ በማግኔት የለጠፈችው አንድ ወረቀት አለ። የመክፈቻ ጸሎት ተረኞች ዝርዝር ነው፤ በየወሩ ስብሰባውን በጸሎት የሚከፍተው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ተራውን የምታወጣው ቬርኔታ ናት። የዚህ ወር፦ ናባው ተራራ ቤተ ክርስቲያን፣ እህት ኢዶራ ፒኬት። የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን።

ስለ መክፈቻ ጸሎቱ በእኛ ከተማ የማያውቅ የለም። ከስድስት ዓመት በፊት ከአትላንታ ጠበቆች መጥተው የመንግሥት ስብሰባ በጸሎት መከፈት የለበትም ብለው ነበር። ሰብሳቢው ሚስተር ሃስከል ክራውደር ያን ጊዜ ለጋዜጣ የሰጠው ቃል በመስታወት ተደርጎ አዳራሹ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል፦ «በዚህ አዳራሽ ጸሎት በማንም አይቋረጥም።» ናባውም ያን ጊዜ ከእሱ ጋር ቆማለች። ኦርሊን ራሷ ፊርማ አሰባስባለች።

እህት ኢዶራ በረንዳዋ ላይ ለብሳ፣ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በትሯን ጎኗ አስደግፋ የቤተ ክርስቲያኑን መኪና ትጠብቅ ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ኦርሊን ደረጃው ሥር ቆማ ሳትቀመጥ ጠየቀቻት።

«እማማ ኢዶራ፣ ተራዎን ይስጡኝ።»

«የምን ተራ?»

«የጸሎቱን።»

አሮጊቷ ብዙ ጊዜ ወስዳ አየቻት። «ልትጸልዪ ነው ወይስ ነገር ልትናገሪ?»

«ልጸልይ ነው።»

«እንግዲያው ከልብሽ ጸልዪ። በጌታ ስም ነገር ከፈተልሽበት፣ ፖሊሱን ሳልጠብቅ እኔው ነኝ ጎትቼ የማስወጣሽ።» ባርኔጣዋን አወለቀችና ዘረጋችላት። «ይኼን አድርጊ። እንደዚህ ተንጨባረሽ ፊቱ አትቆሚም። እኔም እመጣለሁ፤ ሴቶቹንም እጠራለሁ። አሜን የሚልልሽ ሰው ያስፈልግሻል።»

ስብሰባው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ሠርቶ የሚበላ ሰው ሊመጣ በማይችልበት ሰዓት። ኦርሊንም ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምና ነው የመጣችው። የፍተሻው በር ላይ የቆመው ፖሊስ ዌይሎን ልጅ ሆኖ ከእጇ የበላ ነው፤ ፒዛ በሚቀርብበት ቀን ሁለቴ ይሰለፍ ነበር። «እትዬ ኦርሊን፣ የዛሬው እንኳ በሰላም ይለቅ» አላት ቦርሳዋን እያየ። «ለጸሎት ነው የመጣሁት» አለችው። «እሱስ ጥሩ ነው» አለ፤ እውነትም ቀለል ያለው ይመስል ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ሃያ የማይሞሉ ሰዎች ነበሩ። ቬርኔታ ሳጥኗን እየሞከረች ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሚስተር ክራውደር ወንበሩን ያዘ። ክፉ ሰው ነው ማለት አይቻልም። የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነው፤ ጃርቪስ በየወሩ ኢንሱሊኑን የሚገዛው ከእሱ ዘንድ ነበር። ለቀብሩ ቤት ድረስ የአሳማ ሥጋ ጥብስ ልኳል፤ መቃብሩም ላይ ባርኔጣውን አውልቆ እስከ መጨረሻው ቆሟል። በማግስቱ ደግሞ ስለ ጉዳዩ መናገር የሚከለክለውን ደንብ ፈርሟል። ሁለቱንም ያደረገው በቅን ልብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

«የዛሬው ጸሎት የናባው ተራራ ነው» አለ ክራውደር። «ሁላችሁም ብትነሡ።» ሁሉም ተነሣ፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ራስ ሁሉ ጎንበስ አለ። ወደ ድምፅ ማጉያው የምትሄደው ግን ባለ በትሯ አሮጊት አልነበረችም። ቬርኔታ ቀና ስትል እህቷን በሰው ባርኔጣ አየቻት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጌታ ሆይ» አለች ኦርሊን፣ «ዛሬ ጠዋት ስላነቃኸን እናመሰግንሃለን። አልጋችን መቃብራችን፣ አንሶላችን መግነዛችን ስላልሆነ እናመሰግንሃለን።»

«እናመሰግንሃለን» አሉ የናባው ሴቶች።

«ይህን ምክር ቤት ባርክ። ሚስተር ክራውደርን ባርክ፤ የባለቤቱን ወገብ ፈውስ። ልጄን ስቀብር አጠገቤ ቆሟል። እኔ አልረሳሁለትም፤ አንተም አትርሳለት።» ክራውደር ዓይኑን እንደ ጨፈነ ራሱን ነቀነቀ። «ደግሞ ሳጅን ኮይ ሬድሞንን ባርክ።»

ከመድረኩ ላይ አንድ ወንበር ጮኸ። ኦርሊን ዓይኗን አልጨፈነችም ነበር፤ ሌላው ሁሉ አጎንብሶ እሷ ቀጥ ብላ እህቷን ታያለች።

«ምሕረት አድርግለት። ምሕረት የሚያስፈልገው ሰው ነው። ያን ሐሙስ ሌሊት የት እንደተቀመጠ አንተ ታውቃለህ። ከበሩ እስከ ወንበሩ አሥራ አራት እርምጃ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔ በሰው አፍ ነው የሰማሁት፤ አንተ ግን እዚያው ነበርክ።»

«አሜን!» አለ ክራውደር፣ ጮክ ብሎ።

እዚህ ላይ ነው ሰውዬው የተሳሳተው። እሱ በሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን አሜን መዝጊያ ነው፤ አንድ ሰው አሜን ካለ ጸሎቱ አለቀ፣ ሁሉም ይቀመጣል። ናባው ላይ ግን አሜን እሳት ላይ የሚጨመር እንጨት ነው። «አሜን!» ብለው ተቀበሉት ሴቶቹ። «አዎ ጌታ ሆይ!» አለች አንዷ። እህት ኢዶራ በትሯን ወለሉ ላይ መታችና «በዪ ልጄ፣ ሰብሳቢውም አሜን ብሏል» አለች።

«ጃርቪስ ሬይ ቲልማንን አስብ» አለች ኦርሊን፤ ድምፅዋ ተሰብሮ ተመለሰ። «ስምንት ሰዓት ላይ በሩን መታ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መታ። ሳጅን ሬድሞን፣ መድኃኒቴን፣ አለ። ጌታዬ ብሎ ነው የጠራው፤ እኔ ነኝ እንደዚያ ያሳደግኩት። አሥር ሰዓት ላይ ውሃ ብቻ ጠየቀ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔን ጠራኝ። እኔ ተኝቼ ነበር ጌታ ሆይ፤ እኔንም ማረኝ።»

ክራውደር ዓይኑን ገልጦ ሁለት ጣቱን አንስቷል። ቬርኔታ አየችው። ኦርሊንም እንዳየችው አየች። የቬርኔታ እጅ ቁልፉ ላይ ነው፤ ቀለበቷ ከመብራቱ አረንጓዴ ሆኗል። ሁለቱ እህቶች ለትንሽ ጊዜ ተያዩ፤ ያ አስተያየት ፍቅር አልነበረበትም፤ አንቺ ከይሲ፣ እንዲህ ታደርጊኛለሽ፣ የሚል ነበር። ክራውደር ጣቶቹን ይበልጥ ከፍ አደረጋቸው። ቬርኔታ አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች።

ኦርሊን እስከ መጨረሻው ጸለየች። በሩን የማይከፍቱትን ሁሉ፣ ቁልፍ የያዙትን ሁሉ አስቦ እንዲምር ለመነች፤ በኢየሱስ ስም ብላ ዘጋች። ከጸሎት በኋላ ለባንዲራው ቃል የሚገባበት ሥርዓት ስላለ ማንም ሊቀመጥ፣ ማንም ሊናገራት አልቻለም። ለሁሉም ነጻነትና ፍትሕ የሚለውን የመጨረሻውን ሐረግ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ከሁሉ ጋር አለች። ከዚያ ዌይሎን መጥቶ ክንዷን ሳይነካ ወደ ኮሪደሩ አወጣትና አንድ ወረቀት ሰጣት። ለአንድ ዓመት በወረዳው ሕንፃዎች ሁሉ እንዳትገባ ይላል፤ ጤና ጣቢያውም፣ የመኪና ሰሌዳ የሚታደስበትም አለበት።

«ምክንያቱ ምን ይላል?» አለችው።

«ስብሰባ በማወክ።»

«በጸሎት?»

«እኔ አልጻፍኩትም እትዬ ኦርሊን።» ከጫማው ላይ ዓይኑን አላነሣም። በመስታወት የተሰቀለው የሰብሳቢው ቃል ከራሱ በላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታዋ ስትደርስ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ነገ ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮ እንደምትፈለግ ነገረቻት። ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችም፤ ወይም አላወቅኩም አለች። ኦርሊን አራት መቶ ሳህን አጠበች። የሥራ ጓደኞቿ ስለ አየሩ፣ ስለ ቤንዚን ዋጋ አወሩ። ቤት ስትገባ ጎመን ቀቀለች፣ ዶሮ ጠበሰች፣ ለሁለት ሰው አቀረበችና ቁጭ አለች።

ቬርኔታ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ገባች። የመታወቂያ ካርዷን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ማቀዝቀዣው ፊት ጥቂት ቆመች፣ እጇን ታጠበች፣ ተቀመጠች። በዚያ ቤት ሳይጸለይ ተበልቶ አያውቅም። ኦርሊን እጇን ልትዘረጋ ስትል ቬርኔታ ሹካዋን አነሣች።

«ዛሬ ጸሎት ይበቃሻል» አለች፤ ዶሮውን ቆረጠች።

ጣሪያው አንድ ጥግ ላይ ቢጫ ውሃ ልኮ የሰው ጆሮ የመሰለ ቅርጽ ሠርቷል፤ ኦርሊን እሱን ታያለች። በመጨረሻ እሷው ጀመረች።

«ምን አለሽ?»

«ጣቴን አላየሽም ወይ አለኝ። በጸሎት ሰዓት ዓይኔን የምገልጥ ሴት አይደለሁም አልኩት። እርስዎ ዓይንዎ ክፍት ነበር ወይ ብዬም ጠየቅሁት።» አኘከች፣ ዋጠች። «ከሰኞ ጀምሮ ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ነኝ። መስኮት የለውም። ቁልፉን የምትይዘው ከግብር ቢሮ የምትመጣ ልጅ ናት።»

«ቬርኔታ...»

«እንዳታመሰግኚኝ። ለአንቺ ብዬ አይደለም። ጸሎት ላይ ቁልፍ አይጫኑም፣ በቃ። አንቺ ግን ይኼን እንደማልችል አውቀሽ ነው የገባሽበት። አሥራ አራት ወር ቀርቶኝ በጌታ ስም አጥምደሽ ያዝሽኝ። እስክሞት አልረሳልሽም።»

ኦርሊን አልካደችም። ቬርኔታ ከቦርሳዋ አንድ የተተየበ ወረቀት አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ገፋችላት። ከሰዓት በኋላ ክራውደር እየነገራት የጻፈችው አዲስ ደንብ ነው። ከእንግዲህ የጸሎቱ ቃል ከስብሰባው አምስት የሥራ ቀን ቀደም ብሎ በጽሑፍ ይቀርባል፤ በሕይወት ያለም ሆነ የሞተ ሰው ስም አይጠራበትም።

«የሞተም?» አለች ኦርሊን።

«የሞተም።» ቬርኔታ ጨውን ወደ ራሷ ሳበች። «ደንብ ደግሞ በሁለት ስብሰባ ሳይነበብ አይጸናም። ሁለት ወር ነው፤ እስከዚያ የድሮው ነው የሚሠራው። ሕጉ እንደዚያ ነው» አለችና ጨዉን ነሰነሰች። ስለ እንቁላል ዋጋ እንደተናገረችው አድርጋ ነው የተናገረችው።

ኦርሊን ወደ ማቀዝቀዣው ዞረች። ዝርዝሩ እዚያው አለ፣ ማንም አላነሣውም። የሚቀጥለው ወር የወንዝ ማዶ ሜቶዲስት ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የአዲስ ተስፋ። የእያንዳንዱ ተረኛ ስምና ስልክ በቬርኔታ ንጹሕ የእጅ ጽሕፈት ጎኑ ላይ ተጽፏል። ጠዋት ስልኮቹ እዚያ መኖራቸውን ልብ አላለችም፤ ወይም ጠዋት አልነበሩም። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ወዴት?»

«ስልክ ልደውል።»

«መጀመሪያ ብዪ» አለች ቬርኔታ፣ ከሳህኗ ቀና ሳትል። «የቀዘቀዘ ጎመን የሚበላው ጃርቪስ ብቻ ነበር።»

ኦርሊን ተመልሳ ተቀመጠች።